የቢጫዋ ዓሣ ወለል

«አንቺ የተቀጠርሽው የሰው ወለል ልትወለውዪ ነው፤ የዓሣውን ወለል እኔ አውቃለሁ» አለችኝ ዶክተሯ።

ሲስተሯ ሰማች። ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ሰማች። ጉንጩን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬም ሕመሙን ረስቶ ቀና አለ። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር። እዚህ አልላትም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የክሊኒኩ አዲስ ክፍል ሊመረቅ ነው። የተጣላነው በአሸዋ ነው። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ያለው አኳሪየም፣ የመስታወቱ የዓሣ ገንዳ፣ ሥሩ አሸዋ ይልበስ ወይስ መስታወቱ ባዶውን ይቅር፣ ጠቡ ይኸው ነው። ለማያውቅ ሰው ሲያወሩት ያስቃል። እናቴ ራሷ መጀመሪያ ስነግራት ስቃለች።

ክሊኒኩ ላፍቶ ነው፣ ከታች ፋርማሲና ሞባይል ጥገና ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ የጥርስ ክሊኒክ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቱ እንደብዙዎቹ እኔንም ጥሎኝ ሲያልፍ፣ እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ጎረቤታችንን ለምና እዚያ አስቀጠረችኝ። ባልዲ፣ መወልወያ፣ በረኪና። ጠዋት ደረጃውን፣ ከዚያ የሕክምና ክፍሎቹን፣ ከዚያ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር እንግዳ መቀበያውን። መቀመጥ የማልችል ሰው ስለሆንኩ ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ሰው በመወልወያው ላይ እየተራመደ «ይቅርታ» ሳይል ማለፉ ነው።

አኳሪየሙ የመጣው በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ዶክተሯ ውጭ አገር ስብሰባ ሄዳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አይታ ኖሮ፣ «ታካሚ ዓሣ ሲያይ ፍርሃቱ ይለቀዋል» ብላ አሠራችው። የሐይቅ ዓሣ እንዳይመስላችሁ፤ የባሕር ነው። ዓሣዎቹም ኮራሎቹም ውሃ በሞላው ፌስታል ታሽገው በጅቡቲ በኩል ገቡ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። ነፍስ አለው፤ ይበላል፣ ይከፈታል፣ ሲከፋው ይጨማደዳል። ገንዳውን የገጠመው ዓሣ ሻጭ «አሸዋው ኋላ ይደርሳል» ብሎ ሥሩን ባዶ መስታወት ትቶት ሄደ። አሸዋው አልደረሰም። መጀመሪያ ጉምሩክ ነው አለ፤ ቀጥሎ መንገድ ላይ ነው አለ፤ ከዚያ ስልክ ማንሳቱን ቀነሰ።

በሳምንቱ የዓሣዎቹ ኩስና የተረፈ ምግባቸው መስታወቱ ላይ ተከምሮ መታየት ጀመረ። ማን ያጽዳው? ሲስተሯ ዞር ብላ አየችኝ።

«ወለል ላይ ያለ ቆሻሻ ሁሉ ያንቺ አይደል እንዴ?» አለች።

እንዲህ ነው የኔ የሆነው። በክሊኒኩ ዋይፋይ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ። እንግሊዝኛዬ ፈተናው እንደመሰከረብኝ ነው፤ ግን አንዱን ቪዲዮ አሥር ጊዜ ያየ ሰው ይገባዋል። የባሕር ጨዉን በበርሜል በጥብጦ መለካት ተማርኩ፤ ቆሻሻውን በቀጭን ጎማ ከሥር መምጠጥ ተማርኩ። ኮራል የቱ ጋ ሲቀመጥ እንደሚከፈት፣ የቱ ጋ እንደሚያኮርፍ አወቅሁ። ፈረንጆቹም በዚሁ በወለሉ ነገር እንደሚጣሉ ያየሁት ያኔ ነው። ግማሾቹ አሸዋ ከሌለ ባሕር አይደለም ይላሉ፤ አሸዋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፣ ውሃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ አሸዋ የቆሻሻ መጋዘን ነው ይላሉ፤ ከላይ ነጭ፣ ከሥር ጥቁር። ደግሞም ኮራል ኃይለኛ ሞገድ ይወዳል፤ አሸዋ ካለ ሞገዱን የሚነዳውን ፓምፕ መቀነስ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ገንዳው ውስጥ የበጋ አቧራ ይነሳል።

እኔ የባዶዎቹን ወገን ያዝኩ። ቆሻሻ የሚደበቅበት ቦታ እንዲኖር አልፈልግም፤ ሥራዬ ነው። ፓምፑን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት፤ በየቀኑ ከሥር መጠጥኩ። በአምስተኛው ወር ባዶው መስታወት በራሱ ጊዜ ሐምራዊ ቅርፊት መልበስ ጀመረ። ኮራሎቹ እንደ እጅ ጣት ተዘረጉ። ዓሣ ሻጩ አንድ ቀን ሊያይ መጥቶ ግራ ገብቶት፣ «ማን ነው የሚይዝላችሁ?» አለ። ዶክተሯ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። በሕይወቴ ከማንም የበለጠ የማውቀው ነገር ሲኖረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ሰሞን ጠራችኝና፣ «ምረቃው ይለፍ ብቻ፤ መወልወያውን ለሌላ ሰው እንሰጥና አንቺ ገንዳውንና ዕቃ ክፍሉን ትይዣለሽ» አለችኝ። ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሆነን ታጭቀን ስንሄድ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። ዓመቱን ሙሉ የፈለግሁት ነገር ያ ነበር፤ ከባልዲው መላቀቅ። እንዲሁ ደግሞ አይደለም፤ አውቄበት መላቀቅ።

ሰው ግን ባዶ ወለል አይወድም። አንዱ ታካሚ፣ «ምነው ሊሾ ሳይደረግ ገቡበት?» አለ። ሌላዋ «የኪራይ ቤት ይመስላል» አለች። የዶክተሯ እናት አልፎ አልፎ ጥርሳቸውን ሊታዩ ሲመጡ ገንዳው ፊት ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ልጄ፣ እንግዳ በባዶ ወለል አይቀበሉም። ሌላው ቢቀር ቄጠማ ጣል አድርጉላቸው።»

«ይበሰብስባቸዋል እማማ» አልኳቸው።

«እኛስ ቤት ይበሰብስ የለ? ይጠረጋል እንጂ!»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ግን እናቷ በሄዱ ቁጥር ወለሉን ታያለች።

ቢጫዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሎሚ የመሰለች፣ ጣት የምታህል ዓሣ ናት። ዶክተሯ በስልክ ፎቶዋን አይታ ወደደቻትና አስመጣቻት። ቀን ቀን ጤነኛ ናት፤ ኮራሉን እየዞረች ትለቅማለች። አመሻሽ ላይ፣ ልንዘጋ ስንል የገንዳው መብራት ሲቀንስ፣ አፍጥጣ ወደ ታች ትወረወርና ከመስታወቱ ጋር ትጋጫለች። ጧ። ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ ደግማ ጧ። ወለሉ ውስጥ የራሷን ጥላ አይታ ነው ብዬ ከውጭ፣ ከገንዳው ሥር ጥቁር ወረቀት ለጠፍኩ። አልተወችም። በሳምንቱ ከንፈሯ ነጭ ቁስል አወጣ።

አንድ ሽማግሌ ታካሚ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋትና ዞረው ለተሰበሰበው ሰው፣ «የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ አፏ የቆሰለ ዓሣ! ታዲያ እኔን እንዴት ሊያደርጉኝ ነው?» አሉ። እንግዳ መቀበያው በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ከውስጥ ሰማች። ወጥታም፣ «ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ፣ እኔ በቡጢ የመታኋት ይመስል።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍ። ምክንያቱን አግኝቼው ነበር። የዚያች ዓይነቷ ዓሣ የምትተኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ነው። ስትፈራም የምትደበቀው እዚያው ነው። ባሕር ውስጥ ወደ ታች ስትወረወር አሸዋው ይከፈትላታል። እኛ ቤት መስታወት ነው የጠበቃት። ይህን በቪዲዮ ያየሁት አንድ ማክሰኞ ነው፤ ለዶክተሯ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነገርኳትም። ለምን? አሸዋ ከገባ ባዶው ጥሩ ነው ያልኩት ቃሌ ይወድቃላ። ፓምፑ ይቀነሳላ። ኮራሎቹ ይጎዳሉ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ አስተባበልኩ፤ የእውነትም ይጎዱ ነበር። ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በየምሽቱ ጧ ሲል እየሰማሁ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤት የሄድኩት ለኮራል ብዬ አይደለም። ትክክል መሆን ጣፍጦኝ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቪዲዮ ላይ መላ አገኘሁ። ወለሉን ሁሉ አሸዋ ከማልበስ አንድ ሳህን ብቻ አሸዋ ማስቀመጥ። ዓሣ ሻጩን በስልክ አሰልችቼ አሰልችቼ አንድ ከረጢት የባሕር አሸዋ አስመጣሁት። ከቤት የእናቴን የመጋገሪያ ብርጭቆ ሳህን ወሰድኩ። አሸዋውን አጥቤ፣ ሳህኑ ላይ ሞልቼ፣ ከኋላ ጥግ አስቀመጥኩ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቢጫዋ ሁለቴ ዞረችው፣ አሸተተችው ልበል፣ ከዚያ ራሷን ዘቅዝቃ ገባች። አንድ ጊዜ ጅራቷ ታየ። ከዚያ ምንም። ድምፅም የለም። የካርድ ክፍሏን ልጅ እጇን ጎትቼ አመጣኋት።

«የታለች?» አለች።

«ተኝታለች።»

«ውይ! ብርድ ልብስ አለበስሻት በይኛ!»

አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። የከንፈሯ ቁስል ደረቀ። ኮራሎቹም እንደተከፈቱ ናቸው። ሁለቱንም ያዝኩ ብዬ ኮራሁ።

ሐሙስ ዶክተሯ ለምረቃው ክፍሉን ስትቃኝ ሳህኑን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? የድመት ሽንት ቤት?»

አስረዳኋት። መኝታዋ ነው አልኳት። ቁስሉ እንደዳነ አሳየኋት።

«እንግዳ ሊመጣ ነው እኮ! አፍሬ ልሙት? አሸዋ የምትፈልግ ከሆነ በወጉ ሙሉውን እናልብሰው። እስከዛሬም ባንቺ ነው በባዶ ያስቀመጥነው።»

በሁለት ቀን አይሆንም አልኳት። በትንሽ በትንሹ፣ በሳምንታት ነው የሚጨመረው፤ አሸዋውም የታወቀ መሆን አለበት፤ እስኪጠራ መታጠብ አለበት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሊሆን ይችላል። አድርጌያለሁ። ያን ጊዜ ነው የሰውን ወለልና የዓሣን ወለል የለየችልኝ። ሳህኑን ራሷ እጇን ከትታ አወጣችው። ያን አመሻሽ ቢጫዋ ወደ ጥጓ ሄደች፣ ዞረች፣ ከዚያ ጧ። ቁስሉ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ «ሳምንታት ይቆይ» ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ዓርብ ጠዋት የዶክተሯ ወንድም መጣ። ተቋራጭ ነው፤ መካኒሳ አቦ አካባቢ ማጠናቀቂያ ላይ ያለ ሕንፃ አለው። ከዚያ ሁለት ጆንያ ነጭ ነገር አስጭኖ መጣ፤ ለወለል ንጣፍ የሚሆን የተፈጨ እብነ በረድ። እንደ ዱቄት ይቦናል።

«ይሄ የባሕር አሸዋ አይደለም ጋሼ» አልኩት።

«እናቴ፣ እኔ ስንት ፎቅ በአሸዋ ያቆምኩ ሰውዬ ነኝ። ዓሣ ይከብደኛል?»

እንግዲህ ክሊኒክ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሕግ አለ። የጥርስ መንቀያውም መቆንጠጫውም መጀመሪያ በረኪና በተበጠበጠ ውሃ አሥር ደቂቃ ይነከራል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ከዚያ ይቀቀላል። ሲስተሯ በዚህ አትቀልድም። ጆንያዎቹን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች።

«ከሕንፃ ሥራ የመጣ? ድመትም ዘበኛም ሸንቶበት ይሆናል። ሳይነከር እዚህ አይገባም።»

«በረኪና ዓሣ ይገድላል» አልኩ።

ዶክተሯ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ታጥቢዋለሻ! መቆንጠጫውንስ ነክረን አጥበን አይደል ሰው አፍ ውስጥ የምንከተው? እስካሁን ማን ሞተብን?» አለች።

ብረት ይታጠባል፤ የተፈጨ ድንጋይ ግን በየፍንጣሪው መካከል በረኪናውን ይይዛል፣ ይህን ነበር ማለት ያለብኝ። ያን ሰዓት አልመጣልኝም። ነከሩት። ወጉን ጠብቀው፣ በሰዓት ይዘው፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ባልዲ በባልዲ ማጠብ ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ወተት ወጣ። ሁለተኛም ወተት። ሦስተኛው ላይ ቧንቧው አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ውሃ በሰፈሩ በፈረቃ ነው፤ ዓርብ የእኛ ቀን አይደለም፤ ሮቶውም አልቋል። የቀረውን የመጠጥ ውሃ ለታካሚ ነው ብለው ከለከሉኝ።

አንድ እፍኝ አንስቼ አሸተትኩ። በረኪና ነው። ለዶክተሯ ወስጄ አስሸተትኳት።

«ይሄ የክሊኒኩ ሽታ ነው» አለች።

እውነቷን ነው፤ ክሊኒኩ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሸተው። እኔ ራሴ በየቀኑ በበረኪና የምወለውለው ቤት ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ አሸተተች፣ ምንም አይለኝም አለች። ወንድምየው አሸተተ፣ አነጠሰው። በሁሉም አፍንጫ ውስጥ ቀድሞ የገባ ሽታ ስለሆነ ከእኔ በቀር ማንም አልለየውም። እኔም ቢሆን ትንሽ ቆይቼ ተጠራጠርኩ።

«ነገ ማታ ውሃ ይመጣል፤ እሑድ መጥቼ አጥበዋለሁ፣ ሰኞ ይግባ» አልኩ።

«ሰኞ ማን ሊያየው?»

ወንድምየው እጅጌውን ሰበሰበ። «ወዲህ በይው፣ እኔ ልገልብጠው።»

እሱ ቢገለብጠው ኮራሎቹን ይቀብራቸዋል። ስለዚህ እኔ ላድርገው አልኩ። ፓምፑን አጥፍቼ፣ በወፍራም ቱቦ እያወረድኩ፣ እያንዳንዱን ኮራል እየዞርኩ፣ ሐምራዊ የሆነውን መስታወት ጥግ በጥግ ሸፈንኩት። እኔ ነኝ ያለበስኩት። ለኮራሎቹ ብዬ ነው ስል ከረምኩ። እምቢ ብል ኖሮ መወልወያው በእጄ እንደሚቀር አውቅ ስለነበር ነው።

ገንዳው ሁለት ሰዓት ያህል ጉም ሆኖ ቆየ። አመሻሽ ላይ ዶክተሯ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ቢጫዋ ከጉሙ ወጣች፣ ወደ ታች አየች፣ ተወረወረች። ጧ አላለም። አንዴ ነጩ ቦነነና ተመልሶ ተደላደለ።

«አየሽ?» አለችኝ ዶክተሯ፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ። «ቤቷን አገኘች።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱን ሳበራ አልወጣችም። ሌላ ጊዜ መብራት በበራ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ብቅ ትል ነበር። ኮራሎቹ ጣታቸውን ሰብስበው፣ እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ለብሰው ነበር። ከዓሣዎቹ ሁለቱ ከላይ ወደ ውሃው አፍ ወጥተው ይተነፍሳሉ። ለዶክተሯ ልነግራት ወደ ቢሮዋ ሄድኩ፤ ጸጉሯን እያስተካከለች፣ «ዛሬ ስለ ዓሣ አንድ ቃል እንዳልሰማ» አለች።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት ሞሉ። ኬክ ገባ፣ ለስላሳ ገባ፣ አዲሱ ወንበር ላይ አንድ በአንድ እየተቀመጡ ፎቶ ተነሱ። ገንዳው ፊት ቆመው ያልተደነቁ የሉም። ንጣፉ በረዶ የወረደበት መስክ ይመስላል። የዶክተሯ እናት እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እሰይ! አሁን ገና የሰው ቤት መሰለ።»

«አንድ የምትወጂያት ቢጫ ነበረች አላልሽም?» አለች ከእንግዶቹ አንዷ ለዶክተሯ።

ዶክተሯ ከሰው መካከል በዓይኗ ፈለገችኝ። «ነይ እስቲ፣ ቢጫዋን አሳዪያቸው። ይቺ ልጅ ናት የምትይዝልኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ትናንት የገባችበት ቦታ ጠፍቶኝ አልነበረም። በጣቴ አሸዋውን ገለጥ አደረግሁት።

«ተያት እንጂ፣ ትተኛ!» አለ ወንድምየው፣ ሰውም ሳቀ።

ነካኋት። አልሸሸችም። ቀጥ ብላለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ ውስጡ ነጭ አሸዋ ሞልቷል። መዳፌ ላይ አድርጌ ማንሳት ስጀምር ዶክተሯ ተጠጋችኝ። ፊቷ ወደ እንግዶቹ ነው፣ ፈገግታዋም እንዳለ ነው። በጆሮዬ፣ «መልሻት። በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» አለችኝ።

መለስኳት። በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ አስተኛኋት፤ ዙሪያውን አሸዋ ሳብኩባት፤ ላዩን በመዳፌ ደልድዬ ከሌላው ጋር እኩል አደረግሁት።

«እንቅልፋም ናት» አለች ዶክተሯ ለእንግዶቹ።

እጄን በጋውኔ ጠረግሁ። ጋውኑን አውልቄ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አኖርኩት። ልጅቷ፣ «ወዴት ነው? ኬክ ሳትበዪ?» አለችኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው።